ቁናው ተቀይሯል፤ ለባለአክሲዮኑ ግን ማን ነገረው?

በቆላ ድባ ገበያ አንድ ነጋዴ ትናንት በአንድ ቁና ሲሰፍር ቆይቶ ዛሬ ሌላ ቁና ይዞ ቢመጣ ምን እንደሚከተል ይታወቃል። ሽንብራ የሚገዛው ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው «ይኼ ከድሮው በስንት ይበልጣል? በስንት ያንሳል?» ብሎ ነው። ነጋዴው «አዲሱ ቁና ዓለም አቀፍ ነው፣ ባለሙያ መርምሮታል» ቢለው ገዢው ከረጢቱን ጠቅልሎ ወደ ሚቀጥለው ሰፋሪ ይሄዳል። የቁናው ዓለም አቀፍነት አልተጠየቀም። የተጠየቀው ልዩነቱ ነው።

ይኸው ሰው ግን ከሽንብራው ሽያጭ ያተረፈውን ብር ለባንክ አክሲዮን ሲያወጣ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ስለማያውቅ አይደለም፤ ቁናው መቀየሩን የነገረው ስለሌለ ነው።

የኢትዮጵያ ኩባንያዎች የሂሳብ ቁናቸውን ከቀየሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ለአሥርተ ዓመታት በ1952ቱ የንግድ ሕግ ጥቂት አንቀጾች፣ በግብር ሕጉና «በተለምዶ ተቀባይነት ያለው» በሚባል አሠራር ሲመሩ ቆዩ። ከዚያ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጣ። ደንብ ቁጥር 332/2007 የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድን አቋቋመ። በአጭሩ አይ ኤፍ አር ኤስ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች የአገሪቱ ሕግ ሆኑ። በሦስት ምዕራፍ ይተግበሩ ተባለ፦ መጀመሪያ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትላልቅ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች፤ ቀጥሎ ሌሎች የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች፤ በመጨረሻ አነስተኛና መካከለኛ ኩባንያዎች። አብዛኞቹ ባንኮች የመጀመሪያውን የአዲሱ ደረጃ ሂሳብ ለ2010 በጀት ዓመት አቀረቡ።

ውሳኔው ትክክል ነበር። ኬንያ ይህንን ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በገበያ ላይ የተመዘገቡ ኩባንያዎቹን እ.ኤ.አ. በ2005 አስገድዷል። ጸቡ ከደረጃው ጋር አይደለም። ጸቡ ደረጃውን «ተቀብለናል» ብሎ ማኅተም ማስመታትን ግልጽ ከመሆን ጋር ካምታቱት ጋር ነው።

▪️ ደረጃው የሚለው ሌላ፣ የሚደረገው ሌላ

አንድ ኩባንያ ወደ አዲሱ ሥርዓት ሲገባ የመጀመሪያው ደረጃ፣ አይ ኤፍ አር ኤስ 1፣ ግልጽ ነገር ያዝዛል። ኩባንያው በድሮው ስሌት ካፒታሉና ትርፉ ስንት እንደነበር፣ በአዲሱ ስንት እንደሆነ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በሰንጠረዥ ያሳይ ይላል። የሽንብራ ገዢው ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ልዩነቱ ሲነገር ባለአክሲዮኑ የኩባንያውን የቀድሞ ሪፖርት ምን ያህል ማመን እንደነበረበት ጭምር ያውቃል።

ነገሩ በዚያ አያበቃም። ደረጃዎች በየጊዜው ይለወጣሉ። አይ ኤ ኤስ 8 የሚባለው ደረጃ ደግሞ ሁለት ግዴታ ይጥላል። አንደኛ፣ አዲስ ደረጃ በሥራ ላይ በዋለበት ዓመት በሂሳቡ ላይ ያመጣውን ለውጥ በቁጥር መግለጥ። ሁለተኛ፣ ወጥቶ ገና በሥራ ላይ ያልዋለ ደረጃ ካለ፣ ሲመጣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚታወቀውን ወይም በምክንያታዊ ግምት ሊደረስበት የሚቻለውን ከወዲሁ መናገር። ባለገንዘቡ በድንገት እንዳይደነግጥ ነው።

በብዙ ዓመታዊ ሪፖርቶች የሚገኘው ግን ሌላ ነው። ስለ አዲስ ደረጃዎች የሚያወራው ማብራሪያ ገጽ ከገጽ ይሞላል፤ የደረጃዎቹን ርእስ ይደረድራል፤ ኩባንያውን ጨርሶ የማይነካ ደረጃ እንኳ ሳይቀር ይተርካል። ቁም ነገሩ ላይ ሲደርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል፦ «ተቋሙ ተጽእኖውን በመገምገም ላይ ይገኛል።» በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። በሦስተኛው ዓመትም እንዲሁ። ደረጃው በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ «ጉልህ ተጽእኖ አላመጣም» ይባላል። ሲገመገም የከረመው ምን ነበር? ውጤቱስ የት ሄደ? የድርጅቱን ስም ሰርዞ የሌላ ድርጅት ስም ቢገባበት ምንም የማይጎድለው ማብራሪያ ማብራሪያ አይደለም፤ ግልባጭ ነው።

ሌላው ዓለም ሁሉ ቅዱስ ነው ማለት አይደለም። ግልባጭ በለንደንም በናይሮቢም አለ። ነገር ግን ኤች ኤስ ቢ ሲ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የብድር ኪሳራ ስሌቱን ወደ አይ ኤፍ አር ኤስ 9 ሲያዛውር፣ ስለ ሽግግሩ ብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ ሪፖርት አውጥቷል። በጎ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። ባለአክሲዮኑና ተቆጣጣሪው ቁጥሩን እንደሚጠይቁ ስላወቀ ነው።

▪️ በቁጥሩ ውስጥ የተቀበረው

«ይህ የሂሳብ ሠራተኞች ጣጣ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የትርፍ ድርሻ ጣጣ ነው።

በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ባንክ ላበደረው ብድር መጠባበቂያ የሚይዘው ብድሩን በደረጃ መድቦ ነው። ጤናማ ለተባለው ብድር 1 በመቶ፣ ጨርሶ ጠፋ ለተባለው 100 በመቶ፣ በመካከሉም እንደ መዘግየቱ ይያዛል። አይ ኤፍ አር ኤስ 9 ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ወደፊት ምን ያህሉ ይጠፋ ይሆን? ብድሩ እስኪዘገይ አትጠብቅ፤ ዛሬ የሚታየውንና ነገ የሚጠበቀውን አገናዝበህ አሁን ኪሳራህን ያዝ ይላል። ስለዚህ አንድ ባንክ በአንድ ዓመት ሁለት የመጠባበቂያ ቁጥር ይኖረዋል። የብሔራዊ ባንክ ቁጥር ከደረጃው ቁጥር ከበለጠ ልዩነቱ ካልተከፋፈለው ትርፍ ላይ ተነሥቶ የቁጥጥር መጠባበቂያ በሚባል ቋት ይገባል። ከዚያ ቋት የትርፍ ድርሻ አይከፈልም።

እንግዲህ ባለአክሲዮኑ በጉባኤ ላይ «ይህን ያህል አተረፍን» ሲባል ያጨበጭባል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሊከፋፈል እንደሚችልና ስንቱ እንደታሰረ ግን ከብዙ ገጽ በኋላ ባለ ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀብሯል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ነው።

ይህ ስሌት ደግሞ በግምት ላይ የቆመ ነው። ግምቱ የአገሪቱን ዕድገት፣ የዋጋ ንረትና የመሳሰለውን ይወስዳል። እዚህ ላይ ነው ለአማራ ክልል ሰው ትልቁ ጥያቄ የሚነሣው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ የሆነው ይታወቃል። መንገድ ተዘግቷል፤ ንግድ ቆሟል፤ ለመኪና የተበደረው መኪናውን አቁሟል፤ ለሆቴል የተበደረው እንግዳ አጥቷል። የአገሪቱ ኢኮኖሚ በአማካይ አደገ ብሎ የሚነሣ ስሌት፣ ከጎንደር እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን ተበዳሪ ሁኔታ አያይም። አማካይ ጥልቀቱ ጉልበት ነው ተብሎ የተነገረው ሰው ጣና ውስጥ ቢገባ ይሰምጣል።

አይ ኤፍ አር ኤስ 7 ብድር በአንድ አካባቢ ወይም በአንድ ዘርፍ ሲከማች ይነገር ይላል። የሚፈለገው ቀላል ነው፦ በክልሉ ውስጥ ያለው ብድር ስንት ነው? ስንቱ የመክፈያ ጊዜው ተራዝሟል? የተራዘመው ብድር በስሌቱ ውስጥ እንደ ጤናማ ተቆጠረ ወይስ እንደ አጠራጣሪ? ይህን የማይመልስ ሪፖርት ደረጃውን በስም እንጂ በግብር አልተቀበለም።

▪️ ብሩ ሲለወጥ ሂሳቡ ምን አለ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ዕዳ ያለበት ኩባንያ በአንድ ጀምበር ዕዳው አበጠ፤ በዶላር ንብረት ያለው ደግሞ እንጀራውን ሳይጋግር ትርፍ በላ። ሁለቱም በሂሳቡ ይታያሉ። ነገር ግን አንድ ባለአክሲዮን ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ነው፦ የዘንድሮው ትርፍ ከሥራ የመጣ ነው ወይስ ከብር መውደቅ? የሚቀጥለው ዓመትስ ይደገማል?

የዋጋ ንረቱም እንዲሁ። አይ ኤ ኤስ 29 የሚባል ደረጃ አለ። የሦስት ዓመት ድምር የዋጋ ንረት ወደ 100 በመቶ ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ሂሳቡ በገንዘቡ የመግዛት አቅም ተስተካክሎ እንዲቀርብ ከሚያመለክቱት ምልክቶች አንዱ ነው ይላል። ሳፋሪኮም በቅርብ ዓመታት ናይሮቢ ላይ ባወጣው የቡድን ሂሳቡ የኢትዮጵያውን ኩባንያ በዚህ ደረጃ አስተካክሎ አቅርቧል፤ ለኬንያ ባለአክሲዮኖቹም የንረቱን ተጽእኖ ለይቶ አሳይቷል። እንግዲህ የናይሮቢ ባለአክሲዮን የብር የመግዛት አቅም መሸርሸር በሂሳቡ ላይ ምን እንዳደረገ በቁጥር ይነገረዋል። ብሩን በኪሱ ይዞ የሚኖረው የደንቢያ ባለአክሲዮንስ? የአገር ውስጥ ኩባንያ ደረጃውን ላለመጠቀም በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ምክንያቱን ግን ይጻፈው። ዝምታ የሂሳብ ፖሊሲ አይደለም።

▪️ «አርሶ አደር ምን ይገባዋል?»

ለዚህ ሁሉ የሚሰጡ መልሶች አሉ። አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው «ተራው ባለአክሲዮን አይገባውም» የሚል ነው። ይህ ስድብ ነው። ዘሩን በየትኛው መሬት፣ ዝናቡ ሲወጣ በስንተኛው ቀን እንደሚዘራ የሚያሰላ፣ የነጭ ሽንኩርት ዋጋ እስከ መቼ እንደሚቆይ ገምቶ የሚያከማች፣ ዕቁብ የሚሰበስብና የእድር ሂሳብ የሚመረምር ሰው «ድሮ ይህን ያህል፣ አሁን ይህን ያህል፣ ልዩነቱ በዚህ ምክንያት» ሲባል ይገባዋል። የማይገባው በእንግሊዝኛ ሲነገረው ነው። የሊቀ መንበሩ መልእክት በአማርኛ ይታተማል፤ ፎቶግራፉም ያምራል። ሂሳቡና ማብራሪያው ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ምስጋናው በአገር ቋንቋ፣ ስጋቱ በባዕድ ቋንቋ! አክሲዮን ሲሸጥ ግን ቅስቀሳው በአማርኛ ነበር።

የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ባንኮች የተመረመረ ሂሳባቸውን በጋዜጣ እንዲያወጡና በየቅርንጫፋቸው በሚታይ ቦታ እንዲለጥፉ ያዘዘው ለጌጥ አልነበረም። ሕዝብ እንዲያነብበው ነው። በድረ ገጽ ላይ አስቀምጠናል ማለትም አይበቃም፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም።

ሁለተኛው መልስ «የውጭ ኦዲተር ፈርሞበታል» የሚል ነው። ኦዲተር የሚፈርመው ሂሳቡ በትክክል መቅረቡን ነው። ሂሳቡ ለባለአክሲዮኑ መብራራቱን አይደለም። ከዚህም በላይ ኦዲተሩን የሚሾመው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሿሚው ያልገባውን ተሿሚው ፈረመልህ ማለት የነገሩን ራስ ወደ ጭራ ማዞር ነው።

ሦስተኛው «ወጪ ያስከትላል፣ ባለሙያም የለም» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ደረጃዎቹ ከባድ ናቸው፤ የሰለጠነ የሂሳብ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ውጭ እንደልብ አይገኝም፤ የብድር ኪሳራ ስሌትን ብዙዎቹ ለአማካሪ ሰጥተው ነው ያሠሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ስሌቱን የሠራው አማካሪ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮ ይሄዳል። ነገር ግን እዚህ የሚጠየቀው አዲስ ስሌት አይደለም። የተሠራውን፣ ገንዘብ የወጣበትን ውጤት በሁለት ገጽ አማርኛ መንገር ነው። ለዓመታዊው ጉባኤ ለአዳራሽ፣ ለመስተንግዶና ለቀለም ኅትመት ወጪ የተገኘለት ኩባንያ ለሁለት ገጽ ትርጉም ወጪ አጣሁ ሊል አይችልም።

አራተኛው መልስ ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ «በዚህ ጊዜ ስጋትን በይፋ መናገር ሕዝብን ያስደነግጣል፤ ገንዘቡን ለማውጣት ይሰለፋል።» ይህ የሚናቅ ፍርሃት አይደለም። ባንክ በእምነት ይቆማል። ግን እምነት በዝምታ አይጠበቅም። የተመረመረ ቁጥር በሌለበት ቦታ የሚገባው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ መጠባበቂያም ወሰንም የለውም። «በክልሉ ያለን ብድር ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ ተራዝሟል፣ ለዚህም ይህን ያህል መጠባበቂያ ይዘናል» የሚል ባንክ ወሬን በቁጥር ይዘጋል። የማይናገረው ለወሬው በሩን ከፍቶ ይተኛል።

▪️ አሁን የሚቸኩለው ለምንድን ነው?

ምክንያቱም አክሲዮን የጥቂት ባለሀብቶች ነገር መሆኑ ቀርቷል። አማራ ባንክ ሰኔ 11 ቀን 2014 ሥራ ሲጀምር ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች ነበሩት፤ መምህሩ፣ ጡረተኛው፣ የወረዳ ሠራተኛው፣ ነጋዴው ሁሉ ገብቶበታል። በክልሉ ገጠር ድረስ የሚታወቀው አብቁተ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር መሸጫው የእጅ ስልክ ነበር፤ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ገዝተዋል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ፣ ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ከእንግዲህ አክሲዮን በየቀኑ ዋጋ ሊወጣለት ነው። ዋጋ የሚያወጣው መረጃ ነው። መረጃው እንግሊዝኛ ለሚያነብና በአዲስ አበባ ለሚኖር ቀድሞ ከደረሰ፣ ርካሹን የሚገዛውና ውዱን የሚሸጠው ማን እንደሚሆን ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ላይ ደግሞ አዲስ ደረጃ በመንገድ ላይ ነው። አይ ኤፍ አር ኤስ 18 እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2027 ወዲህ ለሚጀምሩ የሂሳብ ዓመታት ግዴታ ይሆናል። ለኢትዮጵያ ኩባንያዎች ይህ ማለት ሐምሌ 2019 ላይ የሚጀምረው የ2020 በጀት ዓመት ነው። ለንጽጽር የሚያስፈልገው የቀደመው ዓመት ግን ሐምሌ 2018 ላይ ይጀምራል። ይህ ደረጃ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ያስተካክላል፤ ከሥራ የተገኘ ትርፍ ለብቻው እንዲታይ ያዛል። ከዚህም ሌላ፣ ኃላፊዎች ከሂሳቡ ውጭ በንግግርና በመግለጫ የሚጠቀሙበት የራሳቸው የትርፍ መለኪያ ካለ በማብራሪያው ውስጥ ይቅረብ፣ ከተመረመረው ቁጥር ጋር ያለው ልዩነት ይታይ ይላል። በየጉባኤው መድረክ «ካለፈው ዓመት በዚህ ያህል አደግን» እየተባለ የሚነገረው ሁሉ ወደ ሚዛን ሊቀርብ ነው። ስለዚህ ደረጃ በሚቀጥሉት ሪፖርቶች የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር እንደገና «በመገምገም ላይ ነን» ከሆነ፣ ያለፉት ዓመታት ምንም አላስተማሩም ማለት ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱ፣ ብሔራዊ ባንክና የካፒታል ገበያ ባለሥልጣኑ ሥልጣኑ አላቸው። አራት ነገር ይዘዙ።

አንድ፦ ከሕዝብ ገንዘብ የሰበሰበ ማንኛውም ኩባንያ የሂሳቡን ዋና ዋና ቁጥሮችና ስጋቶች በአማርኛና ባለአክሲዮኖቹ በሚበዙበት አካባቢ ቋንቋ፣ በሁለት ገጽ፣ ከጉባኤው በፊት ያሳትም፤ በየቅርንጫፉም ይለጥፍ።

ሁለት፦ አዲስ ደረጃ ሲመጣ የማይነኩትን መደርደር ይቅር። የሚነኩት ብቻ ተለይተው ተጽእኖው በብር ይነገር። ገና ካልታወቀ ግምገማው የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ፤ ቀኑ ካለፈ ምክንያቱ ይጠየቅ።

ሦስት፦ ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ያለ ብድርና የተራዘመ ብድር ለብቻው ይታይ።

አራት፦ ለቦርዱ የሚቀርቡት ሂሳቦች ማንም ሊያያቸው በሚችል አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ በጊዜው ያላቀረበ ስሙ ይውጣ።

ባለአክሲዮኑም ቢሆን ተቆጣጣሪን ብቻ አይጠብቅ። ከቆላ ድባ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለጉባኤ መሄድ ዛሬ ገንዘብም ድፍረትም ይጠይቃል፤ ብዙው ሰው ውክልና ሰጥቶ ይቀራል። ውክልናው ግን ለእጅ ማውጣት ብቻ መሰጠት የለበትም። ተወካዩ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይሂድ፦ ከተነገረው ትርፍ ሊከፋፈል የሚችለው ስንት ነው? ከሥራ የመጣውና ከምንዛሪ የመጣው ስንት ስንት ነው? አዲሱ የሂሳብ ደረጃ ካፒታላችንን በስንት ብር ይለውጠዋል? ሦስቱም መልስ በቁጥር የሚሰጥባቸው ናቸው። መልሱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

በመድረኩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ቁጥሩን ካወቁት ለመናገር አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ካላወቁት ደግሞ ባለአክሲዮኑ ዓመቱን ሙሉ ሊያውቀው የሚገባውን ትልቁን ነገር በዚያች ቅጽበት አወቀ ማለት ነው።